ከኢንፌክሽን የሚመጣ የሽንት ጠጠር እንዳይፈጠር፦ ለአዳማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

የኩላሊት ጠጠር አለብህ የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ልብላ፣ ምን ልተው?» ብሎ ነው። ለብዙዎቹ የጠጠር ዓይነቶች ጥያቄው ተገቢ ነው። ከኢንፌክሽን ለሚመጣው ጠጠር ግን ምግብ ዋናው ጉዳይ አይደለም። ይህን ጠጠር የሚሠራው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው በሽንት መስመር ውስጥ እስካለ ድረስ ወተት ቢተዉም ጨው ቢቀንሱም ጠጠሩ ማደጉን አያቆምም። ስለዚህ መከላከል ማለት ባክቴሪያውን በስሙ ለይቶ ማጥፋትና ተመልሶ የሚደበቅበትን ቦታ ማሳጣት ነው። ውሃ መጠጣቱም፣ ንጽሕናውም፣ የሽንት ቱቦ አያያዙም የሚጠቅሙት ለዚህ ሥራ ሲውሉ ነው።

ጠጠሩ እንዴት ይፈጠራል?

ሽንት ውስጥ ዩሪያ የሚባል፣ ሰውነት የሚያስወግደው ንጥረ ነገር አለ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ዩሪኤዝ የተባለ ኢንዛይም ስላላቸው ዩሪያን ሰብረው አሞኒያ ያደርጉታል። አሞኒያው የሽንቱን አሲድነት ያጠፋል። የጤነኛ ሰው ሽንት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) በአማካይ 6 አካባቢ ነው፤ ከ7.2 በላይ ሲወጣ ግን ማግኒዥየም፣ አሞኒየምና ፎስፌት ተጣምረው ስትሩቫይት የሚባለውን ጠጠር መሥራት ይጀምራሉ። ካልሲየም ፎስፌትም አብሮ ይጋገራል። የጉድጓድ ውሃ ተደጋግሞ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት እንደሚይዘው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ቅርፊቱን የሚያስጋግረው እሳት ሳይሆን ባክቴሪያ መሆኑ ነው።

ዋናው ተጠያቂ ፕሮቲየስ ነው። ክሌብሲዬላ፣ ፕሮቪደንሺያ፣ ሞርጋኔላ፣ አንዳንዴም ሱዶሞናስና አንዳንድ የስታፊሎኮከስ ዓይነቶች ይህንኑ ያደርጋሉ። ብዙውን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣው ኢ. ኮላይ ግን በአብዛኛው ዩሪኤዝ የለውም። «ኢንፌክሽን አለብህ» የሚለው ብቻ የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ጠጠር ከሌላው የሚከፋበት ምክንያትም አለው። በሳምንታትና በወራት ውስጥ አድጎ የኩላሊቱን ውስጠኛ ክፍል እንደ ቅርንጫፍ ቀንድ ሊሞላው ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሰውን የሚያንከባልል ሕመም የለውም። የሚታየው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ የሚመለስ ማቃጠል፣ የደፈረሰና አሞኒያ አሞኒያ የሚሸት ሽንት፣ ጎን ላይ የሚሰማ የማይለቅ ደብዘዝ ያለ ሕመም፣ አልፎ አልፎም ደም ነው። ሳይታከም ከቆየ ኩላሊቱን ያጠፋል፤ ኢንፌክሽኑም ወደ ደም ገብቶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ይበልጥ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው ሽንታቸው ሙሉ በሙሉ የማይወጣላቸው ናቸው፦ ፕሮስቴታቸው ያደገ አባቶች፣ የሽንት ቧንቧቸው የጠበበ፣ በመኪና አደጋ ወይም በሌላ ምክንያት ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ፣ የሽንት ቱቦ ይዘው የሚኖሩ፣ የፊስቱላ ጉዳት የደረሰባቸው ወይም በቀዶ ሕክምና የሽንት መስመራቸው የተቀየረ ሰዎች። ስኳር ያለባቸው፣ ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው ሴቶችና ከዚህ በፊት ይህ ጠጠር የወጣላቸውም እንዲሁ።

ካልቸር፦ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው

ሽንት ሲያቃጥል ወደ መድኃኒት ቤት ገብቶ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ኮትሪሞክሳዞል ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ነው። ማቃጠሉ በሁለት ቀን ይቀንሳል፤ የቀረው ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ለዚህ ጠጠር መንገድ የሚከፍት ከዚህ የበለጠ ልማድ የለም። ያልሞተው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ለምዶ ይተርፋል። በዚያ ላይ የመድኃኒቱ ምርጫ ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ለምሳሌ ናይትሮፉራንቶይን ለተራ የፊኛ ኢንፌክሽን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ፕሮቲየስ ግን በተፈጥሮው ይቋቋመዋል፤ መድኃኒቱ አሲድነቱ በጠፋ ሽንት ውስጥም ይደክማል። ፕሮቲየስ ያለበት ሰው ይህን መድኃኒት ለወር ቢውጥ ጠጠሩ ወሩን ሙሉ ያድጋል።

ስለዚህ ከዚህ በፊት ጠጠር ከነበረብዎ፣ ኢንፌክሽኑ በ6 ወር ውስጥ 2 ጊዜ ወይም በዓመት 3 ጊዜ ከተመለሰብዎ፣ ወይም ከላይ ከተዘረዘሩት ሰዎች አንዱ ከሆኑ፣ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት የሽንት ካልቸር፣ ማለትም ሽንቱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አብቅሎ የሚለይ ምርመራ፣ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ። አብዛኛው ጤና ጣቢያ የሚሠራው ተራውን የሽንት ምርመራ ነው፤ ካልቸር ሆስፒታልና ትልልቅ የግል ላቦራቶሪዎች ዘንድ ይሠራል። አንድ የአንቲባዮቲክ ኪኒን እንኳ ከዋጡ በኋላ የሚሰጥ ናሙና ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ስለሚችል ቅደም ተከተሉን አይቀይሩት።

ናሙናውን በትክክል መስጠት ግማሽ ሥራ ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሴት ከሆኑ የብልትዎን ከንፈሮች በአንድ እጅ ከፍተው በንጹህ ውሃ ከፊት ወደ ኋላ ይጥረጉ፤ ሽንቱ እስኪያልቅም ከፍተው እንደያዙ ይቆዩ። ያልተገረዘ ወንድ ሸለፈቱን ወደ ኋላ ስቦ ያጥባል። ዴቶል ወይም ሌላ ጀርም ማጥፊያ አይጠቀሙ፤ ናሙናው ውስጥ ገብቶ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። የመጀመሪያውን ሽንት መጸዳጃው ውስጥ ይልቀቁት፤ ሳያቋርጡ ዕቃውን አስገብተው ከመካከለኛው 20 ሚሊ ሊትር ያህል ይቅዱ፤ የቀረውን ወደ መጸዳጃው ይጨርሱ። የዕቃውን ውስጥም የክዳኑን ውስጥም በጣት አይንኩ። ከቤት ይዞ መምጣት አይመከርም። የግድ ከሆነ ግን በአንድ ሰዓት፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። በአዳማ ሙቀት ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሰዓት የቆየ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ስለሚራባ የሌለ በሽታ ሊያሳይ ይችላል፤ ፒኤቹም በራሱ ይወጣል። ማቀዝቀዣ ካለ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል።

ቱቦ ያለው ሰው ከከረጢቱ የተቀዳ ሽንት ለካልቸር ፈጽሞ መስጠት የለበትም። ከረጢት ውስጥ የቆየ ሽንት ምንጊዜም ባክቴሪያ ያበቅላል። ትክክለኛው አሮጌው ቱቦ ወጥቶ አዲሱ እንደገባ ከአዲሱ የሚቀዳው ነው።

ውጤቱ በ2 ወይም በ3 ቀን ይደርሳል። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የባክቴሪያውን ስም ይፈልጉ። ቀጥሎ የሚሠራው መድኃኒት «ሴንሲቲቭ»፣ የማይሠራው «ሬዚስታንት» ተብሎ ይሰፍራል። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ተቀላቅሎ በቅሏል ከተባለ ናሙናው ሳይበከል አልቀረም፤ መድኃኒት ከመጀመር በፊት እንደገና መስጠት ይሻላል። ትኩሳት ካለ ግን ውጤት አይጠበቅም፤ ናሙናው ተሰጥቶ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል፤ ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒቱ ይስተካከላል።

ተራው የሽንት ምርመራም ቢሆን ብዙ ይናገራል። ፒኤቹ 7.5፣ 8 ወይም 8.5 ተብሎ ከተጻፈ፣ «ትሪፕል ፎስፌት ክሪስታል» (የስትሩቫይት ሌላ ስም ነው) ከታየ፣ ከነጭ የደም ሴል ጋርም ከመጣ፣ ሐኪሙን «ይህ ከጠጠር ጋር የሚያያዝ አይደለም ወይ? አልትራሳውንድ ልነሳ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በትኩስ ሽንት ፒኤቹ ተደጋግሞ ከ7 በላይ እየሆነ ካልቸሩ ምንም ካላሳየም ጉዳዩ አላለቀም። ዩሪያፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያ ዩሪኤዝ አለው፤ በተለመደው ካልቸር ግን አይበቅልም።

የታዘዘውን መድኃኒት በታዘዘው ሰዓትና ቀን ይጨርሱ። ማቃጠሉ ጠፍቷል ማለት ባክቴሪያው ጠፍቷል ማለት አይደለም። ዩሪኤዝ ያለው ባክቴሪያ የተገኘበት ወይም ጠጠር የነበረበት ሰው መድኃኒቱን ከጨረሰ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ ካልቸሩን ደግሞ ማሠራት አለበት። ይህ ሁለተኛው ካልቸር ገንዘብ ማባከን የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ለጠጠር ቀዶ ሕክምና ከሚወጣው ጋር ሲተያይ ግን ምንም አይደለም፤ ደግሞም ባክቴሪያው መጥፋቱን የሚያረጋግጥ ሌላ መንገድ የለም።

ውሃ፣ በአዳማ ሙቀት

ግቡ የሚጠጣው ሳይሆን የሚወጣው ነው፦ በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ሽንት። ጥላ ሥር ለሚውል ሰው 2.5 ሊትር ያህል መጠጣት ሊበቃ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ለሚነዳ፣ ግንባታ ላይ ለሚውል ወይም ወንጂ የሸንኮራ ማሳ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ግን ላቡ ብዙ ስለሚወስድ 3 ሊትር፣ በበጋም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። መገመት ስለሚያሳስት አንድ ቀን ይለኩት። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ላይ ቆርጠው ከጠዋት እስከ ጠዋት የሚወጣውን ሽንት ሁሉ ይለኩበት። ከ2 ሊትር ካነሰ የጎደለውን ያህል በቀጣዩ ቀን መጠጥ ላይ ይጨምሩ።

አንዴ አንድ ሊትር ጨልጦ እስከ ማታ መርሳት አይጠቅምም፤ ትርፉ ሄዶ ሽንቱ ተመልሶ ይወፍራል። ጠዋት ሲነሱ 2 ብርጭቆ፣ ከዚያ በየሰዓቱ አንድ አንድ፣ ከመተኛትዎ በፊት አንድ፣ ሌሊት ለሽንት ከተነሱም አንድ። ሌሊት ሽንቱ በጣም ስለሚወፍር የመጨረሻዎቹን ሁለት አይዝለሉ። ሻይ፣ ቀጭን ቡና፣ የገብስ ውሃ፣ አጥሚት ሁሉ ይቆጠራሉ። የልብ ድካም ወይም የተዳከመ ኩላሊት ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን፤ ለእሱ 3 ሊትር ሊጎዳው ይችላል።

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች አንድ ነገር መጨመር አለበት። በወንጂና በሌሎች ቦታዎች ያሉ አንዳንድ የጉድጓድ ውሃዎች ጥርስ የሚያበልዝ ፍሎራይድ በብዛት አላቸው። ፍሎራይዱ ይህን ጠጠር አያመጣም። ነገር ግን በቀን 3 ሊትር ለዓመታት የሚጠጣ ሰው የሚጠጣውን ከተጣራው የቧንቧ ውሃ ቢያደርግ ይሻለዋል።

በጾም ወቅት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ወይም ረመዳንን የሚጾሙ ሰዎች ጠጠር ከነበረባቸው ወይም ኢንፌክሽን ላይ ካሉ አስቀድመው ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ወይም ከኢማማቸው ጋር ይነጋገሩ። የታመመ ሰው በሁለቱም እምነት ፈቃድ አለው። መጾም የሚችል ደግሞ 2.5 ሊትሩን ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ሌሊት ወይም ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ ባለው ጊዜ ከፋፍሎ ይጠጣው።

ፊኛን ባዶ ማድረግ

የቆመ ሽንት ባክቴሪያን ያራባል። በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ይሽኑ። ይህ በአፍ ቀላል ነው፤ ገበያ ላይ ስትሸጥ የምትውል እናት ወይም ከአዳማ ወደ ጅቡቲ መስመር የሚነዳ ሾፌር መጸዳጃ ከየት ያገኛል? ብዙዎች መፍትሔ ያደረጉት ውሃ አለመጠጣትን ነው፤ ያ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ከመውጣትዎ በፊት በመንገድዎ ላይ መግባት የሚቻልባቸውን ቦታዎች ይወቁ፦ ካፌ፣ ነዳጅ ማደያ፣ መናኸሪያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ። ሱቅዎን ለጎረቤት አደራ ብለው ለአምስት ደቂቃ መሄድ ነውር የለበትም።

ሲሸኑ አይቸኩሉ። ሴቶች መጸዳጃው ንጹህ አይደለም ብለው ግማሽ ቁጢጥ ሲሉ የዳሌ ጡንቻቸው ስለማይላላ ሽንቱ ይቀራል፤ ሙሉ በሙሉ ቁጢጥ ማለት ይሻላል። ከጨረሱ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ የቀረ ይወጣል። ከግንኙነት በኋላ መሽናት፣ ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ፣ ብልት ውስጥ ሳሙናም ሎሚም አለማስገባት የሚመላለስ ኢንፌክሽንን ለመቀነስ ይረዳሉ። የወር አበባቸው ለተቋረጠ እናቶች ሐኪም የሚያዘው በብልት የሚቀባ ኤስትሮጅን ኢንፌክሽኑን በግልጽ ይቀንሳል። ነፍሰ ጡሮች ምንም ባይሰማቸውም በክትትላቸው ወቅት የሽንት ምርመራ ማድረግ አለባቸው። የሆድ ድርቀትም ፊኛን ስለሚጫን ችላ አይባል።

አባቶች «ሽንቴ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፣ ሌሊት አራቴ እነሳለሁ» ሲሉ እርጅና ነው ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ከሸኑ በኋላ ፊኛቸው ውስጥ ምን ያህል እንደሚቀር በአልትራሳውንድ በቀላሉ ይለካል። ተደጋግሞ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚቀር ከሆነ በቂ መፍትሔ ያስፈልገዋል፤ መድኃኒት ወይም ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይስተካከል አንቲባዮቲክ ብቻ መደጋገም ባክቴሪያውን ለጊዜው ማባረር ነው።

ቱቦ ለሚጠቀሙና ለሚያስታምሙ

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ቱቦው አሁንም ያስፈልጋል ወይ?» ነው። ለአንድ ሳምንት ተብሎ ገብቶ ለዓመት የቆየ ቱቦ ብዙ ነው። በየቀጠሮው ይጠይቁ። ሁልጊዜ ውስጥ ከሚቀመጥ ቱቦ ይልቅ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ አስገብቶ ሽንቱን አውጥቶ መንቀል ለጠጠር ያለው አደጋ ያነሰ ነው። እጁ የሚሠራ ሰው ከነርስ ተምሮ ራሱ ሊያደርገው ይችላል። በየ4 እስከ 6 ሰዓት ይደረጋል፤ አንዴ የሚወጣው ከ500 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ጊዜውን ማቀራረብ ያስፈልጋል።

የግድ የሚቀመጥ ከሆነ ቱቦው ከምን እንደተሠራ ጠይቀው ይጻፉ። የላቴክስ ቱቦ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ሙሉ በሙሉ ሲሊኮን የሆነው እንደ አምራቹ እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። የገባበትን ቀንና የሚቀየርበትን ቀን ከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ፤ በቃል የተያዘ ቀን ይረሳል።

ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛው ዝቅ ብሎ መንጠልጠል አለበት፤ ወለል ግን መንካት የለበትም። አልጋ ካለ ከብረቱ ላይ ይንጠለጠላል። በሽተኛው ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቶ የሚተኛ ከሆነ ግን ሽንቱ የሚወርድበት ቁልቁለት የለም፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፍራሹን በጣውላ ወይም በብሎኬት ከፍ አድርገው ከረጢቱን በታጠበ ሳፋ ውስጥ ዝቅ አድርገው ያኑሩት። ቱቦው ታፋ ላይ በፕላስተር ይያዝ፤ እንዳይታጠፍ፣ በሽተኛው ሲገላበጥ እንዳይተኛበት ይታይ። ከረጢቱ ሁለት ሦስተኛው ከመሙላቱ በፊት፣ ቢያንስ በየ6 ሰዓቱ ይፍሰስ። ከማፍሰስ በፊትና በኋላ እጅ ይታጠቡ፤ የመውጫው ጫፍ የሚፈስበትን ዕቃ አይንካ። ቱቦውን ከከረጢቱ ያለ ምክንያት አይነጥሉት። ቱቦው የሚወጣበትን ቦታ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በሳሙናና በውሃ ማጠብ ይበቃል፤ በረኪናም አልኮልም አያስፈልግም።

ቱቦ የሚዘጋበት ዋናው ምክንያት ፕሮቲየስ የሚጋግረው ያው ጠጠር ነው። ስለዚህ ቱቦው ሲቀየር አሮጌውን ሳያዩ አይጣሉት። ነርሷ በጓንት ይዛ ጫፉን በሁለት ጣቷ መካከል እንድታሽከረክረው ይጠይቁ። አሸዋ አሸዋ የሚል ነገር ከተሰማት ወይም ቱቦው በቁመቱ ሲሰነጠቅ ውስጡ ኖራ መሳይ ነጭ ከታየ ጠጠር የሚሠራ ባክቴሪያ አለ ማለት ነው። በስንተኛው ቀን እንደተዘጋ ይመዝግቡ። ለምሳሌ ሁለት ጊዜ በ18ኛው ቀን አካባቢ ከተዘጋ ቀጣዩ በ14ኛው ቀን ይቀየር። ደጋግሞ የሚዘጋ ከሆነ ፊኛው ውስጥ ጠጠር ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል በአልትራሳውንድ ይታይ፤ ያ ጠጠር ካልወጣ ቱቦ ቢቀያየር ባክቴሪያው እዚያው ነው።

እዚህ ላይ ሎሚ ቦታ አለው። ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሬት ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ስለሚይዝ ከብዙ ውሃ ጋር ሲጠጣ ክሪስታሉ ቶሎ እንዳይረጋ ያግዛል። በቀን የሁለት ሎሚ ጭማቂ በሚጠጣው ውሃ ውስጥ ከፋፍሎ መጨመር ይቻላል፤ ጨጓራ ያለበት ይቀንስ። ሎሚ ግን ባክቴሪያውን አይገድልም፤ የተሠራውንም ጠጠር አያሟሟም።

ከረጢቱ ባዶ ሆኖ በሽተኛው ከእንብርቱ በታች ከተወጠረ ወይም ሽንቱ በቱቦው ዙሪያ ከወጣ መጀመሪያ ቱቦው መታጠፉን ይዩ፤ ከረጢቱን ዝቅ ያድርጉ። ካልወረደ በሲሪንጅ ለማጠብ ሳይሞክሩ ወዲያው ጤና ተቋም ይውሰዱት። ሕብለ ሰረሰሩ ከደረት አጋማሽ በላይ የተጎዳ ሰው በዚህ ጊዜ ከባድ ራስ ምታት፣ ላብና ፊት መቅላት ከመጣበት የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ወጥቷል ማለት ነው፤ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡትና አንድ ደቂቃም አያባክኑ።

ቱቦ ያለው ሰው ሽንት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ባክቴሪያ ያሳያል። ትኩሳት፣ ሕመም ወይም የሚደጋገም መዘጋት ከሌለ ሽንቱ ስለደፈረሰ ብቻ አንቲባዮቲክ መስጠት የሚያተርፈው የማይበገር ባክቴሪያ ነው።

ብዙ የሚነገሩ፣ ለዚህ ጠጠር የማይሆኑ

አምቦ ውሃ ባይካርቦኔት ስላለው ሽንትን አልካላይን (አሲድነት የሌለው) ያደርጋል። ይህ ለዩሪክ አሲድ ጠጠር ሊጠቅም ይችላል፤ ለኢንፌክሽን ጠጠር ግን ሽንቱ ቀድሞውኑ አልካላይን ስለሆነ ተቃራኒው ነው። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ መጠጣትም፣ ለሌላ ሰው ጠጠር የታዘዘ ፖታሲየም ሲትሬት ተውሶ መዋጥም እንዲሁ። ማግኒዥየም ያለበትን የጨጓራ መድኃኒት ሳያማክሩ ለወራት አይውሰዱ። ቢራ ጠጠር ያወጣል የሚባለው ሽንት ስለሚያበዛ ነው፤ ውሃ ያንኑ ያደርጋል። ቫይታሚን ሲ በብዛት መውሰድ ባክቴሪያው እያለ ሽንቱን አሲድ ማድረግ ስለማይችል አይጠቅምም፤ ይልቅ ኦክሳሌት ጨምሮ ሌላ ዓይነት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል።

ጠጠሩ ከወጣ በኋላ

ባክቴሪያው ጠጠሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በውስጡም አለ፤ አንቲባዮቲክ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ትልቅ ጠጠር ካለ መድኃኒት ብቻውን አያድንም፤ ጠጠሩ መውጣት አለበት፤ የሚቀር ስብርባሪም መኖር የለበትም። የቀረች ቁራጭ አዲስ ጠጠር ትዘራለች። ከቀዶ ሕክምና በፊት ሐኪምዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የወጣው ጠጠር ይመረመር ወይ፣ ከጠጠሩ ላይስ ካልቸር ይወሰድ ወይ? ጠጠሩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በፊኛ ሽንት ካልቸር ከተገኘው ሊለይ ይችላል። ከወጣ በኋላም ቁርጥራጭ አለመቅረቱ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ይረጋገጥ።

ብዙ ሰው ዲጄ የሚባለውን ስቴንት ይዞ ይወጣል፤ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የተዘረጋ ቀጭን ቱቦ ነው። ከውጭ ስለማይታይና ሕመሙም ስለሚለመድ ይረሳል። አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት፣ ቢዘገይ በ3 ወር ውስጥ መውጣት አለበት። የተረሳ ስቴንት ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ጠጠር ጋግሮ እንደገና ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከአሰላ፣ ከመተሐራ ወይም ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ መጥተው አዳማ የሚታከሙ ሰዎች ላይ ይህ ይበረታል፦ የትራንስፖርቱ ገንዘብ ይጠፋል፣ አዝመራ ይደርሳል፣ ቀጠሮው ያልፋል። ከሆስፒታል ሳይወጡ «ስቴንት አለኝ ወይ? የሚወጣው መቼ ነው?» ብለው ቀኑን በስልክዎ ላይም በቤተሰብዎ አባል ስልክ ላይም ማስታወሻ ያስገቡ።

በመጀመሪያው ዓመት በየ3 ወሩ ገደማ ካልቸር፣ ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ደግሞ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ውጤቶቹን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል አንድ ማኅደር ውስጥ ያኑሩ። ሌላ ሐኪም ቢያይዎት የትኛው ባክቴሪያ እንደነበረና የትኛው መድኃኒት እንደማይሠራ በአንድ ደቂቃ ይረዳል።

ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር፣ የጎን ሕመም፣ ማስመለስ፣ የሽንት መቋረጥ ወይም መቀባዠር ከመጣ ግን ማኅደሩንም ቀጠሮውንም አይጠብቁ። ጠጠር የዘጋው ኩላሊት ውስጥ መግል ሲቋጠር በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ይገባል። በአንቲባዮቲክ ብቻ ስለማይመለስ የተዘጋው ሽንት በቱቦ መፍሰስ አለበት፤ ስለዚህ መድኃኒት ቤት ሳይሆን በቀጥታ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሕፃንም ያለ ግልጽ ምክንያት ትኩሳት ይዞት ሽንቱ ከሸተተ ወይም ወንድ ልጅ ሽንቱ እየተንጠባጠበ ሲያምጥ ከታየ በዚያው ቀን ይታይ። የሽንት ምርመራና የኩላሊት አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል፤ በተፈጥሮ የጠበበ መስመር ካለው ጠጠር ሳይሠራ በፊት ሊስተካከልለት ይችላል።